የኔታ ያልበሉት ጭብጦ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡15፣ ብቸና

ገና አልነጋም። የኔታ ከዶሮ ቀድመው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሞባይሌ መብራት ሲሪንጁን እያየሁ መድኃኒቱን እቀዳለሁ። እሳቸው በሲሪንጁ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ማየት ካቃታቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ጧትና ማታ የምወጋቸው እኔ ነኝ።

ለማያውቃቸው ልንገር። የኔታ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እዚሁ ብቸና ቅኔ ያስተምራሉ። እኔ ከገጠር ለትምህርት መጥቼ እሳቸው ቤት ነው ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ አሁን የሞባይል ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ። ስሜ ማስተዋል ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ተሳስቶ እንደሆነ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ፍረዱ።

የኔታ የስኳር ሕመም አለባቸው። ይህን ከቤታችን ሰውና ከጤና ጣቢያው በቀር የሚያውቅ የለም። "ተማሪ የመምህሩን ደዌ ከቆጠረ ቃሉን አይቆጥርም" ብለው እኔንም ባለቤታቸውን እትዬ ጥሩወርቅንም ቃል አስገብተውናል።

ዛሬ የምንሄደው ወደ ሞጣ ነው። ከሞጣ በታች፣ ወደ ዓባይ በሚያወርደው ገደል ወገብ ላይ አንድ የአቦ ጸበል አለ። የኔታ በልጅነታቸው እዚያ አካባቢ ነው የተማሩት። ድሮ በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውንና የአጥቢያቸውን ማኅበር ወጣቶች ይዘው ይወርዱ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ቀረ፤ አሁን ሲከፈት "ዘንድሮ ካልሄድኩ ጉልበቴ አይጠብቀኝም" አሉ።

የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ደጋግማ የነገረችኝ ነገር አለ። "ከወጋሻቸው ምግቡ ወዲያው ይከተል። ብዙ የሚሄዱበት ቀን ካለ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ መጠኑን እንቀንሳለን።" አልነገርኳትም። ለምን ብትሉኝ፣ ሐሙስ ዕለት ሰልፉ ረጅም ነበር፣ እኔ ደግሞ መቆም አልወድም።

ወጋኋቸው። እትዬ በሶውን በማር ለውሰው፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል አድርገው፣ ጡጫ የሚያህል ጭብጦ ሠርተው በፌስታል አቀረቡላቸው።

"አሁን ይብሉ፣ የኔታ።"

"መኪና ላይ ይደርሳል። በባዶ አፌ ውዳሴ ማርያሜን ልድገም።"

"መርፌው አይጠብቅም።"

"መርፌው ከእመቤታችን ይቀድማል?"

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል። እትዬ በእኔ ትከሻ ላይ ቦርሳ አንጠለጠሉ፦ ስኳር በፌስታል፣ አንድ ብልቃጥ ማር፣ ብስኩት፣ ውኃ፣ ኩባያና ማንኪያ፣ የደም ስኳር መለኪያው ከአራት ስትሪፕ ጋር። የቀረን ስትሪፕ አራት ነው፤ አንዱ ለአንድ ልኬት፣ ከዚያ ይጣላል።

"ዓይንሽ ከሳቸው እንዳይነቀል" አሉኝ እትዬ።

"እሺ" አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።


12፡10፣ ከብቸና መውጫ

ቅጥቅጧ ሞልታለች። ሃያ ሁለት ነን። የኔታ ከሾፌሩ ኋላ የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ አጠገባቸው ዲያቆን ይኼይስ። ይኼይስ ስድስት ዓመት ከየኔታ እግር ያልተለየ ተማሪያቸው ነው፤ ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲያስነጥሳቸው መሐረብ ያወጣል። እኔ ከኋላ መታፈን ስለማልችል ሄጄ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ፣ ጀርባዬን ለየኔታ ሰጥቼ። ይህን ልብ በሉልኝ።

"ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው አፍ አያበዛም" አለኝ ሾፌሩ አንዳርጌ። "ይቃጠላል።"

"አንተ ጎማህን እይ።"

"ጎማዬስ ደህና ነው። ያስቸገረኝ ሞተሬ ላይ የወጣው ነው።"

ከኋላ መዝሙር ተጀመረ። ግራና ቀኝ የጤፍ ማሳ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሊዞር የተዘጋጀ፣ በመካከሉ ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ጭስ። ጧቱ ያምር ነበር። እኔ ስለ መሪው፣ ስለ ማርሹ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ከአንዳርጌ ጋር ስጨቃጨቅ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞርኩም።


1፡15፣ ደብረ ወርቅ

ቁርስ እዚህ ነው። ጸበሉን የሚጠጣ ሰው እህል አይቀምስም፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ግን ለመታጠብና አገር ለማየት ነው የመጡት፣ እነሱ ሻይና ፓስቲ ላይ ወደቁ። ፓስቲው ትኩስ ነው፣ ዘይቱ ጣት ላይ ይቀራል። የኔታ ወርደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ዞረው ተሳለሙ።

ይኼይስ መጥቶ እጄ ላይ ቁራሽ በሶ አስቀመጠልኝ።

"እንኪ። በረከት ነው።"

በቅኔ ቤት ከመምህር ማዕድ የወረደ ነገር ለተማሪ በረከት ነው። ቁራሹ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህል እንኳ ለሁሉም ይዳረሳል። ከየት መጣ፣ ለምን ተረፈ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጠየቅ ነውር ነው። እኔም አልጠየቅኩም። አፌ ውስጥ ጣልኩት። ማር አለው። ጥርሴ መካከል ጥቁር አዝሙድ ተሰበረ። "የእትዬን በሶ ይመስላል" ብዬ አሰብኩ፤ አስቤም ሻዬን ጠጣሁ።

ዞር ስል የኔታ ባዶ ፌስታል አራት ላይ አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። በልተዋል አልኩ። አለቀ። ከዚያ ወዲህ በሠራሁት ስሕተት ሁሉ ላይ ይህች ባዶ ፌስታል ተቀምጣለች።


2፡30፣ ግንደወይን

ፍተሻ። ሁሉም ይውረድ፣ መታወቂያ ይውጣ፣ ወንዱ በአንድ በኩል፣ ሴቱ በሌላ። ከፊታችን የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ፀሐይዋ ገና ስትሞቅ ነው፣ አቧራው ግን ቀድሟታል። አንዲት ሴትዮ የተቀቀለ በቆሎ ትሸጣለች፤ የተማሪው እጅ ሁሉ ወደ ሳህኗ።

"የኔታ፣ በቆሎ ላምጣልዎት?"

"አልፈልግም።"

"ትንሽ እንኳ?"

"ማስተዋል፣ ሰው ፊት ሞግዚት አትሁኚብኝ።" ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ዓይናቸው ግን ያፈጣል። ተቆጡ ብዬ ተውኳቸው። እልኸኛ ነኝ፤ ሞግዚት ከተባልኩ አንድ ሰዓት ዝም እላለሁ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ቆየን። ወታደሩ አንዳርጌን "ስትመለሱ ከአሥራ ሁለት በፊት ብቸና ግቡ፣ ከዚያ በኋላ መንገድ የለም" አለው።


4፡20፣ ሞጣ

ከተማዋ ቅዳሜዋን ይዛለች፦ ባጃጅ፣ የፕላስቲክ ባልዲ የተሸከመ ሰው፣ ከአንድ ሱቅ የሚጮህ ዘፈን፣ ከሌላው የሚጮህ ስብከት። ኔትወርክ የለም። ስልኬን ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጌ አየሁት፣ ያው ነው። አንዳርጌ መኪናውን ጥላ ፈልጎ አቆመ፤ እኛ በእግር ጀመርን።

ከሞጣ ወጣ ብላችሁ ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ ምድሩ ያልቃል። ድንገት ነው። ሜዳው፣ ገብሱ፣ ከብቱ እያለ፣ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ገደል ነው፤ ከታች ደግሞ ሌላ አገር ይጀምራል፣ ግራር የበዛበት፣ ቡናማ፣ በሙቀት የሚንቀጠቀጥ። ወጣቶቹ ፎቶ ተነሡ። የኔታ መቋሚያቸውን አስቀድመው ወረዱ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፣ አወራረዳቸውን ግን ብታዩ ሃያ ትቀንሳላችሁ።

"ቀስ ይበሉ" አለ ይኼይስ።

"ድንጋዩ ያውቀኛል" አሉት።

ወጣቶቹ ቀድመውን ሄዱ። ከየኔታ ጋር የቀረነው እኔ፣ ይኼይስና ሀብታሙ የሚባል ሌላ ተማሪ ነን። ሀብታሙ ደብተሩን ከእጁ አይለይም። የኔታ በመንገድ የሚናገሩትን ሁሉ ይጽፋል።


5፡40፣ ቁልቁለቱ ላይ

መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው። መቋሚያው ወደ ኋላ ቀርቶ እግራቸው ቀድሟል። አንዴ ተደናቀፉ። ሁለተኛ ተደናቀፉ። ልብሳቸው ከጀርባቸው ተጣብቋል፣ ግን የሁላችንም ተጣብቋል፤ ቆላው ይተነፍስብናል። ላብ በቆላ ማንን ያስደነግጣል።

ግራሩ ሥር ስንደርስ ቆሙ። ይኼይስን አተኩረው አዩት።

"አንተ ማነህ?"

ይኼይስ ፈገግ አለ። ትሕትናውን የሚፈትኑት መሰለው። "ልጅዎ ነኝ፣ የኔታ። አፈር ነኝ።"

"ማን አስገባህ?" አሉት በቁጣ። ከዚያ ወደ ገደሉ ዞሩና ረጋ ባለ ድምፅ፣ "በሩን ዝጉት። ዛፉ ሊወጣ ነው" አሉ።

ሀብታሙ ደብተሩን አወጣ።

"ዛፉ መስቀሉ ነው" አለ እየጻፈ።

"ታዲያ ለምን ይወጣል?" አለ ይኼይስ። "በሩስ ለምን ይዘጋል? የገነት በር ይሆናል።"

"ቆይ፣ ቆይ፣ ልጻፈው።"

እኔ ቅኔ አላውቅም። ግን እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ፤ ቤታቸው ነው ያደግሁት። እጃቸውን ያዝኩት። ውኃ ውስጥ የዋለ ድንጋይ ነው፣ ቀዝቃዛና እርጥብ፣ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ እጅ።

"የኔታ፣ የት ነን?"

"ጥሩወርቅ" አሉኝ፣ "ላሚቱን አስገቢያት።"

ቦርሳዬን አውርጄ ስከፍት ይኼይስ ክንዴን ያዘኝ።

"ምን ልትሰጫቸው ነው? ጸበሉ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው። ስእለት አለባቸው።"

"ምን ስእለት? ጧት በልተው የለ።"

"ማን በሉ አለሽ?"

"ጭብጦውን በልተዋል። ፌስታሉን አይቻለሁ።"

"እኛ ነን የበላነው" አለ ይኼይስ። "ከብቸና እንደወጣን ሰጡኝ። 'እኔ ዛሬ በባዶ ሆዴ ደርሼ ነው የምጠጣው፣ እናንተ ተካፈሉት፣ ለማስተዋል ግን አትንገሯት' ብለው። ላንችም ሰጥቼሻለሁ።"

ምላሴ ጥርሴን ዳሰሰ። ጥቁር አዝሙዱ እዚያው ያለ መሰለኝ።

ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ግን ቃል የገባሁላቸው ሰውዬ አሁን እዚህ የሉም፤ እዚህ ያሉት እኔን ጥሩወርቅ የሚሉት ናቸው። ስለዚህ ተናገርኩ።

"ስሙኝ። የኔታ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ከንጋቱ 11፡15 ላይ መርፌ ወግቻቸዋለሁ። መርፌው በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል፤ ሆዳቸው ባዶ ነው፣ የሚተካው ነገር የለም። ደግሞ ይኼን ሁሉ ቁልቁለት ወርደዋል። የሚናገሩት ቅኔ አይደለም፣ ራሳቸውን እየሳቱ ነው።"

የሀብታሙ እስክርቢቶ ቆመ።

"ስኳር ካለባቸው ማር ምን ይሠራል? ልትጨርሻቸው ነው?"

"ማር ጠላታቸው የሚሆነው ስኳሩ ሲወጣ ነው። አሁን ወርዷል። ቆይ፣ አሳይሃለሁ።" ጣታቸውን ወጋ አደረግኩ። ሊነጥቁኝ ታገሉ፣ ደሟ ግን ወጣች። መለኪያው ቆጠረና አርባ አንድ አለ። "ከሰባ መውረድ የለበትም። አርባ አንድ ነው። ከዚህ ከወረደ ይወድቃሉ። ከወደቁ ደግሞ መዋጥ አይችሉም፣ በአፋቸው ምንም ማጠጣት አይቻልም፣ ትን ይላቸዋል። ያኔ ይኼን ገደል ማን ተሸክሞ ያወጣቸዋል?"

ማሩን በማንኪያ አቀረብኩ። የኔታ አፋቸውን ገጥመው እጄን መቱት። ማንኪያው አፈር ላይ ወደቀ።

"ሂጂ ከፊቴ። ጾሜን አታስገድፊኝ።"

ይህችን ቃል በደንብ ነው የተናገሯት። ሌላው ሁሉ ጠፍቶባቸው ይህችን አልረሱም። ሀብታሙ "አየሽ፣ አእምሯቸው ደህና ነው፣ አትንኪያቸው" አለኝ። ለቅጽበት እኔም ተጠራጠርኩ። እውነቴን ነው፣ እጄ ቆመ። አንድ ማኅበር ሙሉ የሚሰግድላቸው ሰው "አታስገድፊኝ" ሲሉኝ፣ እኔ ቻርጀር ሻጯ ማን ነኝ?

ይኼይስ ነው የወሰነው። እፊታቸው ተንበረከከ። ስድስት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ለመሳም ካልሆነ ነክቷቸው አያውቅም። ሁለቱን እጆቻቸውን ያዘ፣ አጥብቆ፣ ራሱንም ጉልበታቸው ላይ አደረገ።

"ይፍቱኝ፣ የኔታ" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ "አድርጊ" አለኝ።

"መጀመሪያ መዋጥ ይችሉ እንደሆነ ልይ።" ጣቴን ማር ነክሬ ጉንጫቸው ውስጥ፣ ድዳቸው ላይ ቀባሁት። ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ። ይውጣሉ። ሌላ ቀባሁ። ከዚያ በግማሽ ኩባያ ውኃ ሦስት ማንኪያ ስኳር በጥብጬ በጥቂት በጥቂቱ አስጎነጨኋቸው። ግማሹ ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። የቀረው ገባ።


5፡55፣ እዚያው

ሲስተሯ "አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ" ብላኛለች። በሕይወቴ እንደዚያች ሩብ ሰዓት የረዘመ ነገር አላውቅም። ግራሩን ዞርኩት። ድንጋይ አንሥቼ ጣልኩ። ሰዓቱን አየሁ፤ ሁለት ደቂቃ። አሁንም አየሁ፤ ሦስት።

"ቁጭ በይ" አለኝ ሀብታሙ።

"አንተ ቁጭ በል።"

ከታች የወጣቶቹ ሳቅ ይሰማል፣ ጸበሉ ጋ ደርሰዋል። ሊጠሩን ይጮኻሉ።

ሁለተኛው ስትሪፕ፦ ሃምሳ ስድስት። ደገምኩ፣ ማሩንም ውኃውንም። ይኼይስ እጃቸውን አልለቀቀም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያል ወይስ ጭብጦውን ይረግማል፣ አላውቅም።

ሦስተኛውን ሳልለካ ነው ያወቅሁት። የኔታ እጃቸውን አዩ፣ የይኼይስን እጅ አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ማስተዋል።"

"አቤት።"

"ጢሜ ለምን ይጣበቃል?"

መሳቅ ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነገር ነው። አፍንጫዬን በክንዴ ጠረግሁ። ለካሁ፤ ሰባ ዘጠኝ።

"ምን አበላሽኝ?"

"ማር።"

"ማን ፈቀደልሽ?"

"ማንም።"

ተማሪዎቹን አዩአቸው። ፊታቸው ላይ አነበቡት።

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔ ብስኩቱን ፈታሁ፣ ምክንያቱም ስኳርና ማር ቶሎ ያልቃል፣ ምግብ ካልተከተለው ተመልሶ ይወርዳል። ብስኩቱን ነጠላው ሥር አስገባሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲያኝኩ ሰማሁ።

ሀብታሙ ደብተሩን ገለጠ። ያችን ገጽ ቀደዳት፣ አጣጠፋት፣ ኪሱ ውስጥ ከተታት።


7፡00፣ ዳገቱ

መውረድ ቀረ። መውጣት ደግሞ በእግራቸው አይቻልም፤ መራመድ ስኳሩን መልሶ ይበላዋል። ሀብታሙ ቀሪውን ሰው ሊጠራ፣ ጸበሉንም በኮዳ ሊያመጣ ወደ ታች ሮጠ። እኛ ቆመን ሳለ አንድ አርሶ አደር ጌሾ የጫነች በቅሎ እየነዳ ከታች መጣ። አያ አየነው ይባላል፣ ወደ ሞጣ ገበያ ነው።

"ምን ነካቸው?" አለ።

"ደክመው ነው" አለ ይኼይስ ፈጠን ብሎ።

የኔታ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። "ስኳር ታምሜ ነው" አሉ። "መርፌ ወስጄ ሳልበላ ወጥቼ።"

ይኼይስ መሬት መሬት አየ። አያ አየነው ግን ጭነቱን መፍታት ጀምሮ ነበር።

"የአክስቴም ልጅ አለባት" አለ። "እልኸኛ ናት፣ እንደርስዎ። ይውጡ።"

"ጌሾህስ?"

"ጌሾ ለነገም ጌሾ ነው።"

ነዶዎቹን ድንጋይ አስደግፎ ደረደራቸው፣ የኔታን አቅፎ ጫናቸው። ዳገቱን ሁሉ በቅሎዋን እየሳበ ወጣ። እኔ ከጎን ነኝ፣ አንድ እጄ ጉልበታቸው ላይ። በየመቶ እርምጃው "የት ነን?" እላለሁ። "በቅሎ ላይ" ይሉኛል።


8፡15፣ ሞጣ

ጤና ጣቢያ ገባን። ነርሱ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ እጅጌው የተሰበሰበ፣ ችኩል። በራሱ መለኪያ ለካቸው፣ ደህና ነው። መቼ ተወጉ፣ ስንት፣ ምን በሉ፣ ስንት ሰዓት ተራመዱ፣ ሁሉንም ጠየቀ። መለስኩ፤ የራሴን ጥፋት ስቆጥር ጣቶቼ አለቁ።

"መድኃኒቱ እስከ ማታ ይሠራል" አለኝ። "ስለዚህ ዛሬ አልቋል ብለሽ እንዳትተኚ። በየሰዓቱ ይብሉ። ለማታው መርፌ የራሳችሁን ጤና ጣቢያ ተረኛ ጠይቂ፣ በግምት እንዳትወጊ።"

የኔታ ሀብታሙ ከታች በኮዳ ያመጣውን ጸበል አዩት። "ይህስ? በልቼ አልጠጣውም።"

"ነገ ጧት ይጠጡት" አለ ነርሱ። "መጀመሪያ ጸበሉ፣ ከዚያ ምግቡ ፊትዎ ይቅረብ፣ ከዚያ መርፌው፣ ወዲያው ይብሉ። ማን ከለከለዎት፣ አባቴ? ተራውን ነው ያዛቡት።"

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አርባ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ተራ ሲያስይዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በልጅ ሲታረሙ ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው።


10፡30፣ ደብረ ወርቅ፣ ስንመለስ

አሁን ሞተሩ ላይ አይደለሁም። አንዳርጌ "መንበርሽ ባዶ ነው" ቢለኝም ከየኔታ አጠገብ ነኝ። ግንደወይን ላይ ፍተሻው አላቆየንም፤ እኔ ግን ሰዓቴንና የኔታን ተራ በተራ አያለሁ፣ መንገዱን አላየሁትም። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ቀሰቅሳለሁ።

"የት ነን?"

"ደብረ ወርቅ ልንገባ ነው። አንች ደግሞ እብድ ነሽ።"

ስድቡ የተለመደው ነው፣ ቦታውም ልክ ነው። ደስ አለኝ። ቢሆንም የመጨረሻዋን ስትሪፕ ለካሁባት፤ ዘጠና አራት። ከዚህ በኋላ የማየው በዓይኔ ብቻ ነው።

ሻይ ቤቱ ዳቦ አመጣ። ሃያ ሰው ዳቦውን በእጁ ይዞ ቆሟል፣ ማንም አልቆረሰም። ሁሉም የየኔታን አፍ ያያል።

"ምን ታፈጣላችሁ?"

"እስኪውጡ ነው፣ የኔታ" አለ ይኼይስ።

የኔታ ዳቦውን ቆረሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ። ከዚያ ይኼይስ ቆረሰ። ከዚያ ሌላው።


11፡50፣ ብቸና

ፀሐይ ልትገባ ስትል ደረስን። እትዬ ጥሩወርቅ ደጁ ላይ ቆመዋል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የኔታ ሲወርዱ ደግፌያቸው ስላዩ ፊታቸው ተለወጠ፤ ቢሆንም ሰው ፊት ነበርንና የጠየቁት ሌላ ነው።

"ጭብጦው እንዴት ነበር? ማሩ አልበዛም?"

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ እኔ አዩ። ዘጉት።

"አልበዛም" አልኩ። "ልክ ነበር። የበላሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ ቦርሳውን ከትከሻዬ ወሰዱ። ከፈቱት፣ የማሯን ብልቃጥ አወጡ፣ ወደ ብርሃኑ አነሡ። ባዶ ነች። እኔን አዩ፣ ባለቤታቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩ።

"ግቡ" አሉ። "መጀመሪያ እራት ይቅረብ። አንች ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

ተቀመጥኩ። ከንጋቱ 11፡15 ጀመርኩ።